አንቀጽ መጻፍና አንቀጽ ማጥቆር፦ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ከናካዋ እስከ አዲስ አበባ

ከካምፓላ መሀል ከተማ ወጥቶ የጂንጃን መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ሳይርቅ ናካዋ ይደርሳል። መንገደኛው ቦታውን የሚያውቀው በአትክልት ገበያው፣ በመኪና መጨናነቁና በቦዳ ቦዳ ሞተሮቹ ነው። ናካዋ ግን ከካምፓላ አምስት ክፍለ ከተሞች የአንዱም ስም ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ ወሰን ውስጥ ንቲንዳ ላይ የኡጋንዳ ብሔራዊ ፈተናዎች ቦርድ አለ፤ ኪያምቦጎ ላይ ብሔራዊው የሥርዓተ ትምህርት ማዕከል አለ፤ እዚያው ኪያምቦጎ ላይ ደግሞ በመምህራን ሥልጠና የታወቀው ኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ወረድ ሲሉ፣ በፖርት ቤል መንገድ፣ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት አለ። አንድ የኡጋንዳ ልጅ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚጽፍ የሚወስኑት፣ የሚፈትኑትና ብዙዎቹን አስተማሪዎች የሚያፈሩት ተቋማት በአንድ ክፍለ ከተማ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ኡጋንዳንም ኢትዮጵያንም የሚመለከት ነው። ተማሪው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሌላውን ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማራል። ታዲያ አንድ ጥርት ያለ፣ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ለምን ይቸገራል? የሚሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። አንዱ የሰዋስው እጥረት ነው ይላል፤ ሌላው የንባብ ልማድ መጥፋት፤ ሦስተኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማሰብ። ሁሉም የእውነት ድርሻ አላቸው። መልሶቹን አንድ በአንድ ስንመረምር ግን ሚዛን የሚደፋው ሌላ ምክንያት ሆኖ እናገኘዋለን፦ ተማሪው ስለ አንቀጽ ብዙ ይነገረዋል፣ አንቀጽ እንዲጽፍ ግን እምብዛም አይጠየቅም።

ሕጉ ከየት መጣ

ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናገኘው የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሕግ ከቋንቋው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በሕግ መልክ ተደራጅቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን፣ ያወጣውም ስኮትላንዳዊው የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ቤን ነው። ቤን ስለ ድርሰትና ስለ ንግግር ጥበብ ባዘጋጀው መጽሐፍ ስድስት መመሪያዎችን ዘረዘረ። ዓረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና በግልጽ ይታይ፤ ተመሳሳይ ሐሳቦች በተመሳሳይ አሰካክ ይቅረቡ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ርእሰ ጉዳዩን ያመልክት፤ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፤ አንቀጹ ከአንድ ጉዳይ አይውጣ፤ ዋናው ሐሳብና ደጋፊው ሐሳብ እንደየክብደታቸው ስፍራ ይኑራቸው። ከቤን በኋላ አሜሪካውያን አስተማሪዎች ሕጉን ለክፍል በሚመች መልክ አቅልለው በየኮሌጁ አሠራጩት።

ዘመኑን ልብ ማለት ያሻል። የጽሑፍ ፈተና በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ተማሪ መሰጠት የጀመረው በዚያው ምዕተ ዓመት ነው። ብዙ ወረቀት በአጭር ጊዜ የሚያርም ሰው የጸሐፊውን ነጥብ ፍለጋ ገጽ ሙሉ መንከራተት አይችልም፤ ነጥቡ ከመጀመሪያው መስመር እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ሕጉና ፈተናው ስለተስማሙ አብረው ተጓዙ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካም የገቡት አብረው ነው፤ መጀመሪያ በካምብሪጅ ፈተናዎች፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1967 በተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት፣ በኋላም በ1983 በአዋጅ በተመሠረተው በዛሬው የኡጋንዳ ቦርድ በኩል።

ወደ እኛም የመጣው ሕግ ይኸው ነው። በአማርኛ ትምህርት «ኃይለ ቃል» በምንለው ዓረፍተ ነገር ተጀምሮ፣ ዘርዛሪ ዓረፍተ ነገሮች ተከትለውት መደምደሚያ የሚቋጨው አንቀጽ፣ እንዲሁም ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊና አመዛዛኝ እያልን የምንከፍለው የድርሰት ዐይነት፣ እንግሊዝኛ መምህሩ ከሚያስተምረው ጋር አንድ ነው። ሆኖም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአማርኛው መምህር በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የእንግሊዝኛው መምህር በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ትምህርት እንደ አዲስ ያስተምራሉ። ተማሪው በአማርኛ ያወቀው ነገር በእንግሊዝኛም እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ሕጉን የተጠራጠሩት

ኃይለ ቃል ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት ወይ? ሪቻርድ ብራዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ፈትሾታል። በታዋቂ የአሜሪካ መጽሔቶች የወጡ 25 መጣጥፎችን ወስዶ አንቀጾቻቸውን አንድ በአንድ መረመረ። በኃይለ ቃል የሚጀምሩት 13 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሙያው የተካኑት ጸሐፊዎች በየክፍሉ የሚነገረውን ሕግ አይከተሉትም ማለት ነው። ፍራንሲስ ክሪስተንሰን ደግሞ ቀደም ብሎ በ1965፣ የአንቀጽ ዓረፍተ ነገሮች እንደ ደረጃ የሚወርዱ፣ እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን የሚያብራራ ወይም ከጎኑ የሚሰለፍ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ሕጉ ይጣል ማለት ግን ስሕተት ነው። የመጽሔት ጸሐፊ ነጥቡን የሚያዘገየው አንባቢው እንደሚጠብቀው ተማምኖ ነው። ፈተና አራሚ፣ ማመልከቻ የሚያነብ የሰው ኃይል ባለሙያ ወይም የጥናት ሐሳብ የሚገመግም ፕሮፌሰር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ጀማሪ ነጥቡን አስቀድሞ መጻፍ ቢለምድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ የሚጎዳው የኃይለ ቃልን ብያኔ በቃሉ ይዞ ኃይለ ቃል መጻፍ ሲያቅተው ነው።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጥላ

ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሣ። ከ600 በላይ የውጭ አገር ተማሪዎችን የእንግሊዝኛ ድርሰት አይቶ፣ የየቋንቋው ተናጋሪ ሐሳቡን የሚያደራጅበት መንገድ የተለያየ ነው አለ። እንግሊዝኛውን በቀጥታ መስመር፣ ሴማዊውን በዚግዛግ፣ ምሥራቃዊውን በጥምዝ ሥዕል አሳየ። አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ ሥዕሉን ለእኛም የሚጠቅሱት አሉ። ይሁንና ካፕላን ለሴማዊው ምድብ ማሳያ ያደረገው ዐረብኛን ነው። የብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎችን በአንድ ሥዕል መጠቅለሉ በሌሎች ምሁራን ተተችቷል፤ ራሱም በኋላ አቋሙን አለዝቧል።

ሥዕሉን ትተን የዕለት ተዕለቱን ጽሑፍ ብናይ ግን የሚጨበጥ ነገር አለ። አማርኛ ድርጊቶችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ይወዳል። «ጠዋት ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ መጽሐፉን ይዞ፣ ጓደኛውን ጠርቶ ሄደ» ብንል ማንም አይደናገርም፤ ማሰሪያ ግሱ መጨረሻ ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሸከማል። ያው ሰንሰለት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ወይ በእንግሊዝኛው «ኤንድ» (and) የተቀጣጠለ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሆናል፣ ወይ ኮማ ብቻ የለያቸው ዓረፍተ ነገሮች ክምር። ሉጋንዳም ተረክ ሲያወራ ድርጊቶችን በ«ኔ» እያያያዘ ይሄዳልና የካምፓላው ተማሪ እንግሊዝኛውን በ«ኤንድ» ቢያጥለቀልቀው አይገርምም።

ሁለተኛው ጉዳይ ተውላጠ ስም ነው። በአማርኛ ግሱ ራሱ ማን እንዳደረገው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ ይናገራል። በእንግሊዝኛ «ኢት» ወይም «ዜይ» ያለ ጸሐፊ ከፊት ያለውን ስም በትክክል ማስታወስ አለበት። ሁለት ብዙ ቁጥር ስሞች ከጠቀሰ በኋላ «ዜይ» ብሎ ከቀጠለ አንባቢው የቱን እንደሚይዝ ይቸግረዋል። ብዙ የተምታቱ አንቀጾች ሐሳባቸው ደህና ሆኖ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው የአጀማመር ልማድ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለን አድገናል። ስለዚህ ስለ ሞባይል ስልክ ጉዳት ጻፍ የተባለ ተማሪ ከዓለም ሥልጣኔ ይጀምራል፤ አማርኛው «እንደሚታወቀው» እንደሚል እንግሊዝኛውም «ናውአዴይስ» ብሎ ይከፍታል። ነጥቡ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ቦታው አልቋል። ረጋ ብሎ ከሥር መጀመር ለሽምግልና፣ ለወግና ለታሪክ የሚያምር ስልት ነው፤ 100 ቃል ብቻ ለተፈቀደለት ጸሐፊ ግን አያዋጣም።

በሌላ በኩል በኡጋንዳ ስለ እንግሊዝኛ ጥራት ክርክር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው «ዩግሊሽ» የሚሉት አገርኛው እንግሊዝኛ ነው። በርናርድ ሳቢቲ እ.ኤ.አ. በ2014 መዝገበ ቃላት ያዘጋጀለት ይህ አነጋገር የራሱ ጨዋታና ለዛ አለው። የአንቀጽ ችግር ግን ከእርሱ አይመነጭም። እያንዳንዱ ቃሉ ትክክል የሆነ፣ በአንድነት ሲነበብ ግን ምንም የማይል አንቀጽ በካምፓላም በአዲስ አበባም ሞልቷል።

አንድ አንቀጽ በቅርበት

ለማሳያ ያህል አንድ ጥያቄ እንፍጠር፦ «ናካዋ ገበያ ጠዋት ለምን ይጨናነቃል?» አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈው መልስ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይሁን፦

«ናካዋ ገበያ ካምፓላ ውስጥ የሚገኝ ገበያ ነው። እንደሚታወቀው ገበያ ለሰው ልጅ አስፈላጊ ነው። ጠዋት መኪኖች ማቶኬ የሚባለውን የሚበስል ሙዝና ቲማቲም ጭነው ይመጣሉ። በተጨማሪም ገበያው መንገድ ዳር ነው። በተጨማሪም እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። ስለዚህ ገበያ ጠቃሚ ነው።»

የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ጥያቄውን ግን አልመለሰም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስለ ማንኛውም ገበያ ሊጻፉ ይችላሉ። «በተጨማሪም» ሁለት ጊዜ ገብቶ ምንም አላገናኘም። መደምደሚያው ከጥያቄው ውጭ ነው። አሁን ያንኑ ቁሳቁስ ይዘን እንደገና እንጻፈው፦

«ናካዋ ገበያ ጠዋት የሚጨናነቀው ሻጭም ገዢም በአንድ ሰዓት ስለሚደርሱ ነው። ማቶኬና ቲማቲም የጫኑ መኪኖች ጎህ ሲቀድ ይገባሉ። ቸርቻሪዎች ደህና ደህናው ሳይነሣ ለመምረጥ መኪኖቹን ቆመው ይጠብቃሉ። ገበያው ዋናውን መንገድ የተጠጋ በመሆኑ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰውም በዚያው ሰዓት ጎራ ይላል። ረፋድ ላይ መኪኖቹ ሲወጡና ሠራተኛው ሲያልፍ ግፊያው ይቀንሳል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን ይሰጣል፤ «በአንድ ሰዓት» የሚለው ቀጣዮቹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ምን ማሳየት እንዳለባቸው ወስኗል። ሁለተኛው መኪኖቹን አመጣ፤ ሦስተኛው እነዚያኑ መኪኖች ይዞ ቸርቻሪዎቹን አስገባ። አንባቢው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው እየተሻገረ ስለሆነ «በተጨማሪም» አላስፈለገም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተባለውን ደግሞ ከመናገር ይልቅ ምክንያቱን ይፈትናል፤ ሁለቱ ወገኖች ሲሄዱ ግፊያው ከቀነሰ ምክንያቱ እውነት ነበር ማለት ነው። እናትየዋ ወጥታለች። የምትሄደው ቅዳሜ ነው፤ ጥያቄው ስለ ጠዋት ነው። እውነት የሆነን ነገር ቦታው አይደለም ብሎ ማውጣት ተማሪው ከባዱን ትምህርት የሚማርበት ነው፤ የትኛውም የሰዋስው መልመጃ ይህን አያስተምርም።

ምን ይጠየቃል?

በኡጋንዳ 7ኛ ክፍልን የሚጨርስ ልጅ የሚወስደው ብሔራዊ ፈተና በእንግሊዝኛው ወረቀት ሁለተኛ ክፍል ላይ ብዙ በእጅ የሚጻፍ ሥራ ይጠይቃል። ከሚዘወተሩት ጥያቄዎች አንዱ ቅደም ተከተላቸው የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገሮችን ሰጥቶ ትክክለኛ ታሪክ አድርገህ አስተካክለህ ጻፍ የሚለው ነው። ልጁ ቅደም ተከተሉን ለይቶ ሙሉውን በእጁ ይገለብጠዋል። በአራተኛው የሁለተኛ ደረጃ ዓመት በሚሰጠው ፈተና ደግሞ ለረጅም ዓመታት አንዱ ወረቀት ድርሰት፣ ሌላው ወረቀት ማጠቃለያ መጻፍን ይዞ ቆይቷል። ማጠቃለያው 100 ቃል ገደማ ሆኖ በአንድ አንቀጽ የሚጻፍ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ ረቂቁን፣ ቀጥሎ የተስተካከለውን ቅጂ ያቀርባል። ረቂቅና ቅጂ መጠየቁ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ እንደማያልቅ ግን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ዘዴ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው አዲሱ የሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ይህን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስዶታል። ተማሪው ከኑሮ የተወሰደ ሁኔታ ይቀርብለትና የተማረውን ተጠቅሞ መፍትሔ ይጽፋል። ከውጤቱ 20 በመቶው በትምህርት ቤት በሚሠራ ሥራ፣ 80 በመቶው በቦርዱ ፈተና ይያዛል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በ2024 ነው።

ይህ ሁሉ ኡጋንዳን ነቀፋ የለሽ አያደርጋትም። ፈተና ባለበት ሁሉ የፈተና ንግድ አለ። የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ደጋግሞ መሥራት፣ ተዘጋጅቶ የተሸመደደ የድርሰት መግቢያን በማንኛውም ርእስ ላይ መለጠፍ እዚያም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአካባቢ ቋንቋ እንዲሰጡ ቢያዝም እንደ ካምፓላ ባሉ የብዙ ቋንቋ ከተሞች ትምህርቱ ከመነሻው በእንግሊዝኛ መሰጠቱ የተለመደ ነው። ልጁ በአፍ መፍቻው አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይጀምራል።

ወደ እኛ ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ከካምፓላው የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር በራሱ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ችሎ ነው። የሚያንስበት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ነው። የእንግሊዝኛው ወረቀት የምርጫ ጥያቄ ነው። የጽሕፈት ክፍልም ቢኖረው ተማሪው የተዘበራረቁትን ዓረፍተ ነገሮች ቅደም ተከተል ከአራት አማራጮች መርጦ ፊደሏን ያጠቁራል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም የምርጫ ነው። አንድ ልጅ ከ12ኛ ክፍል ተነሥቶ ዲግሪ እስኪይዝ ድረስ በብሔራዊ ደረጃ አንድም አንቀጽ ሳይጠየቅ ያልፋል ማለት ነው።

ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ የአንድ ትምህርት አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ከአገር ቋንቋዎች ሌላ ያሉት ትምህርቶች የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነውና፣ ረጅም አንቀጽ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ መለየት የማይችል ተማሪ በታሪክም በባዮሎጂም ይጎዳል። አንቀጽ መጻፍ የለመደ ሰው አንቀጽ ሲያነብም ነጥቡ የት እንደተቀመጠ ያውቃል።

የእርማት ነገር

መምህራን ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የሚያነሡት መከራከሪያም ቀላል አይደለም። 60 ተማሪ ያለበት አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር አንድ አንቀጽ ቢያጽፍ 240 ወረቀት ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። በየሳምንቱ ይህን አድርግ ማለት አታድርግ ከማለት አይለይም።

መውጫው ሁሉንም ስሕተት ማረምን መተው ነው። ዛሬ የሚታየው ኃይለ ቃሉ ብቻ ነው ከተባለ መምህሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ያልፋል፤ ለአንድ ወረቀት ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ትስስሩን ብቻ፣ ከዚያ ተውላጠ ስሙን ብቻ ማየት ይቻላል። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ነጥቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ቢናገር ጸሐፊው አንባቢ ምን እንደገባው ወዲያው ይሰማል። ቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሙሉ ከሚያቀላው ይልቅ «ምን ለማለት እንደፈለግህ አልገባኝም» የሚል አንድ ጓደኛ ይበልጥ ያስተምራል። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን ደግሞ በአንድ ሳምንት በአንድ ርእስ ቢያጽፉ፣ ተማሪው ሐሳቡን በአማርኛ አደራጅቶ በእንግሊዝኛው ሰዓት ቋንቋውን ብቻ ይታገላል።

አሁን ደግሞ ሳይደክም የሚጽፍ መሣሪያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ኃይለ ቃል፣ ዘርዛሪና መደምደሚያ ያለው፣ ሰዋስው የማይስት አንቀጽ በሰከንድ ይገኛል። ይህም ለቤት ሥራ ብቻ የሚያጽፉ መምህራንን አስግቷል፤ ፍርሃታቸውም እውነት ነው። ሆኖም ከላይ እንዳየነው የናካዋ አንቀጽ እናትየዋን ማስወጣት ይገባ እንደሆነ የሚወስነው ጥያቄውን የተረዳ ሰው ነው። በክፍል ውስጥ፣ በእጅ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚጻፍ አጭር አንቀጽ ከመቼውም ይልቅ ዛሬ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ከናካዋ የሚወሰደው ትምህርት የኡጋንዳን ፈተና ገልብጦ ማምጣት አይደለም። ኡጋንዳ ልጁን በራሱ ቋንቋ ቀድሞ ማጻፍን ከእኛ ብትወስድ፣ እኛም የሚጻፍ ፈተናን ከእርሷ ብንወስድ ሁለታችንም እናተርፋለን። አገር አቀፉን ፈተና ማረም ያስቸግራል ከተባለ ከ6ኛና ከ8ኛ ክፍል ፈተናዎች መጀመር ይቻላል፦ አንድ ጥያቄ፣ አምስት መስመር፣ ከአምስት የሚታረም። መምህር ሁልጊዜ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው። ፈተናው አንቀጽ የጠየቀ ዕለት፣ ክፍሉ አንቀጽ መጻፍ ይጀምራል።